እንቁላል ፍርፍር፦ ለስለስ ያለ ወይስ ደረቅ ያለ?

የኮዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። እኔና ባለቤቴ በእንቁላል ፍርፍር ጉዳይ መግባባት አልቻልንም። እኔ የምወደው ለስለስ ያለ፣ እርጥበቱ ገና ያልጠፋ ነው። እሱ ዳር ዳሩ ቡናማ እስኪሆን ካልተጠበሰ «ጥሬ ነው» ብሎ አይነካውም። ቲማቲም ሲገባበት ደግሞ ውሃ ያወጣና ዳቦውን ያርሰዋል፣ ያኔ ሁለታችንም አንወደውም። ከረቡዕና ከአርብ በስተቀር ቁርሳችን እሱ ስለሆነ ነገሩ ያሳስበኛል። እናንተ እንዴት ነው የምትወዱት? ቅቤ ወይስ ዘይት?

ቱሉ ዲምቱ፦
እህቴ፣ ቁርስ ቤት ነው የምሠራው፤ ጠዋት ጠዋት ለሾፌሩም ለግንበኛውም ፍርፍር እሠራለሁ። ውሃው የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ቲማቲሙ ነው። ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ቲማቲሙን ጨምሪና ውሃው ተኖ ዘይቱ ከዳር ብቅ እስኪል ጠብቂ፣ ከዚያ በፊት እንቁላል እንዳታስገቢ። ሁለተኛው ራሱ እንቁላሉ ነው። እሳት ሲበዛበት ይኮማተርና የያዘውን ውሃ ጨምቆ ይለቀዋል፤ ስለዚህ በጣም የደረቀ ፍርፍርም ሳህን ላይ ውሃ ሊያወጣ ይችላል። እንቁላሉን ስትጨምሪ እሳቱን ቀንሺ። ትንሽ ተዪውና ከዳር ወደ መሃል ሰብስቢው። ቶሎ ቶሎ ካማሰሉት ይደቃል፣ እኔ ደግሞ ጎላ ጎላ ያለው ነው ደስ የሚለኝ። ገና ትንሽ ሲያብለጨልጭ አውርጂው፣ የቀረውን የመጥበሻው ሙቀት ይጨርሰዋል። ቃሪያ መጨረሻ ላይ፣ ሽታው እንዳይጠፋ።

የሰበታ እናት፦
እኔ በባለቤትሽ በኩል ነኝ። የሚያብለጨልጭ እንቁላል ለልጆቼ አልሰጥም፣ ለነፍሰ ጡርም እንደዚሁ። ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ቅርፊቱ ላይ ብቻ አይደለም፣ ውስጡም ሊኖር ይችላል። እንቁላል ያለበት ምግብ 71 ዲግሪ ይድረስ የሚባለው ለዚህ ነው። ነጩ እኮ 60 ዲግሪን ትንሽ እንዳለፈ መርጋት ይጀምራል፣ ረጋ ማለት በሰለ ማለት አይደለም። ግን ቡናማ እስኪሆን ማቃጠልም አያስፈልግም! ፈሳሹ ሲያልቅ፣ ማብለጭለጩ ሲጠፋ በቃ፣ ያኔ በስሏል፤ ከዚያ በላይ ጣዕሙን መግደል ነው።

ሌላው የእንቁላሉ ነገር ነው። እኛ ግቢ ውስጥ ዶሮ አለን። የሀበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ ሁለት የፈረንጅ በሚበቃበት ሦስት ያስፈልግሻል፣ ግን ጣዕሙን አልለውጠውም። አስኳሉ ደመቅ የሚለው ሣርና ቅጠል ስለሚለቅሙ ነው። ከሱቅ ስትገዢ አንድ በአንድ ኩባያ ላይ ሰብረሽ እያየሽ ጨምሪ፣ አንዱ የተበላሸ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

ለገጣፎ ማዶ፦
እኔ ሽንኩርትም ቲማቲምም አልፈልግም። ስልስ የራሱ ምግብ ነው፣ ፍርፍር ሌላ ነው። ጨውና ንጥር ቅቤ፣ አለቀ። ኮሰረት የገባበት ቅቤ ከሆነ ሌላ ቅመም ምን ያደርጋል? ቶሎ የሚያርረው የወተቱ ነገር ስለወጣለት ንጥር ቅቤ ከለጋው ይልቅ እሳት ይችላል፣ ቢሆንም መጥበሻው ሳይግል ነው እንቁላሉ መግባት ያለበት። ጨው እንቁላሉ ሲመታ ይግባ፣ እኩል ይዳረሳል። ወተት የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፣ እኔ ጣዕሙን ያቀጥንብኛል። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ በከሰል ነው የምሠራው። የከሰል እሳት እንደ ስቶቭ ወዲያው አይቀነስም፣ ስለዚህ መጥበሻውን አንሳ መለስ እያደረጉ ማብሰል ነው።

የኮዬዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የሰበታዋ እናት ስለ ሙቀቱ ያሉት በጣም ጠቅሞኛል። አንድ ነገር ብቻ፦ ቅቤና ቲማቲም አብሮ ይሄዳል? ሁለት ጊዜ መጥበስስ ግድ ነው?

ቱሉ ዲምቱ፦
ይሄዳል። ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በዘይት አብስይ፣ ቅቤውን ከእንቁላሉ ትንሽ ቀደም አድርገሽ ጨምሪ። ሁለት ጊዜ መጥበስ አያስፈልግም። የሰበታዋ እናት እንዳሉት ማብለጭለጩ ሲጠፋ ያንቺን ቀድመሽ አውጪ፣ የሱን እሳቱ ላይ ትንሽ አቆይው። ዳቦውን ግን ቀድመሽ አሙቂ፣ ፍርፍር ቆሞ አይጠብቅም።