ቀይ የመድረክ መብራት የዘፋኙን ፊት እያበላሸብኝ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም የጅማ ልጆች! ቅዳሜ ማታ እዚሁ ከተማችን ኮንሰርት ሳነሳ ነበር። መብራቱ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሲሆን ፊት ልሙጥ ይሆናል፤ ዓይንና አፍንጫ አይለይም። የካሜራው ሜትር (የብርሃን መለኪያው) ግን ልክ ነው ይለኛል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ ሜትሩን አትመነው ወንድሜ። ሴንሰሩ (የካሜራው ብርሃን ተቀባይ) ላይ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ፒክስል አረንጓዴ የሚያነብ ነው፤ ቀይና ሰማያዊ ሩብ ሩብ ነው የሚደርሳቸው። ንጹህ ቀይ ኤልኢዲ ሲበራ ቀዩ ሞልቶ ይፈሳል፣ ሌሎቹ ባዶ ናቸው፣ አማካዩ ግን ልክ ይመስላል። ስለዚህ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) በሦስቱ ቀለም ለይተህ እይ። ቀዩ ቀኝ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ ብርሃኑን አንድ ስቶፕ (በግማሽ)፣ ካልበቃም ሁለት ቀንስ። ደግሞ በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሳ በናትህ! ጄፔግ ላይ የተቃጠለ ፊት በኋላ አይመለስም።

መልስ 2፦ በላይኛው እስማማለሁ። እኔ ግን ከሁሉም በላይ መብራቱን ማጥናት ይበልጣል ባይ ነኝ። ብዙ ጊዜ አዝማቹ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ብልጭ ይላል፣ ጥቂት ዘፈን ዝም ብለህ ካየህ መቼ እንደሚመጣ ይገባሃል፣ ያኔ ጣትህን አዘጋጅተህ ጠብቅ። ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ከመጣ የኤልኢዲው መርገብገብ ነው፤ የሹተሩን ፍጥነት ወደ 1/125 ወይም 1/100 ሰከንድ ዝቅ አድርገው፣ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ! ያነሳኋቸውስ ይድናሉ?

መልስ 3፦ ሮው ከሆኑና ቀዩ ካልተቃጠለ ጥቁርና ነጭ አድርጋቸው። በቀይ መብራት የፊቱ ዝርዝር ያለው ቀዩ ቻናል (የቀይ ቀለሙ መረጃ) ላይ ስለሆነ ከእሱ ቀይራቸው፤ ቆንጆ ይወጣሉ።