ለ10 ሚሊግራም ፕሮቲን፦ ፒኢአይ፣ ኤሌክትሪክ ወይስ ቫይረስ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጂን ሴል ውስጥ አስገብቼ፣ ሴሉ ወደ ሚዲያው (ወደሚያድግበት ፈሳሽ) የሚለቀውን ፕሮቲን ነው የምሠራው። 10 ሚሊግራም ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል። ሴሎቼ ተንሳፍፈው የሚያድጉ ሄክ 293 (በላብራቶሪ የሚራቡ የሰው ሴሎች) ናቸው። እስካሁን ዲኤንኤውን ያስገባሁት በሊፖፌክታሚን (ዲኤንኤን በስብ ጠቅልሎ በሚያስገባ ውህድ) ነው። ለትንሽ ሳህን ግሩም ነው፤ 200 ሚሊሊትር ላይ ግን ኪስ ያራቁታል። አንዱ ባልደረባዬ «ሌንቲቫይረስ ሥሪ» ይለኛል (ጂን ተሸክሞ ሴል የሚገባ ቫይረስ ነው)፣ ሌላው «ፒኢአይ ይበቃሻል» (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው፣ ዲኤንኤን ይዞ ሴል የሚያስገባ ፖሊመር ነው)። ፒኢአይን አንዴ ሞክሬ ባዶ እጄን ቀርቻለሁ። ምን ትላላችሁ?

አሮጌው ፒፔት፦
ለ10 ሚሊግራም ሌንቲቫይረስ ድረስ አትድከሚ፤ ፒኢአይ ይበቃሻል። ፕሮቲኑን አንዴ ብቻ ከሆነ የምትፈልጊው፣ ጂኑ ክሮሞዞም ውስጥ መግባት የለበትም። ፕላዝሚዱ (ጂኑን የተሸከመው ክብ ዲኤንኤ) ኒውክሊየስ ደርሶ ጥቂት ቀን ቢሠራ ይበቃል።

እኔ ለእያንዳንዱ ሚሊሊትር ሴል 1 ማይክሮግራም ዲኤንኤ እና 3 ማይክሮግራም ፒኢአይ እወስዳለሁ። ሁለቱን ቀላቅዬ 15 ደቂቃ አቆይና ሴሉ ላይ እጨምራለሁ። ብዙ ከቆየ ይጓጉላል። (ስልክ ሳወራ ደርሶብኛል።) በ5ኛው ቀን እሰበስባለሁ። ምን ያህል እንደሚገኝ ግን ፕሮቲኑ ራሱ ነው የሚወስነው።

ሌንቲቫይረስ ጂኑን ክሮሞዞም ውስጥ ይሰካዋል። በሌላ መንገድ እሺ ለማይሉ ሴሎች ሁነኛ ነው። ግን ቫይረሱን ለመሥራት ራሱ መጀመሪያ ሄክ ሴሎችን ትራንስፌክት ማድረግሽ (ዲኤንኤ ማስገባትሽ) አይቀርም! የደኅንነት ጣጣው ደግሞ ሌላ ነው።

የቾ ወዳጅ፦
ፕሮቲኑ ለዓመታት የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ቋሚ የሴል መስመር (ጂኑ ክሮሞዞሙ ውስጥ ገብቶ የሚቀርበት) ነው የሚያዋጣው። ወራት ይፈጃል። ጂኑ በዘፈቀደ ሲገባ መጥፎ ቦታ ካረፈ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ብዙ ክሎን (ከአንድ ሴል የተራባ ዘር) ማጣራት ግድ ነው። እኔ ፒጊባክ ትራንስፖዞን (ጂኑን ክሮሞዞም ውስጥ የሚሰካ ተንቀሳቃሽ ዲኤንኤ) ከጀመርኩ ወዲህ ጥሩ ክሎን ቶሎ አገኛለሁ። ኤሌክትሮፖሬሽንም (ሴሉን በኤሌክትሪክ ከፍቶ ዲኤንኤ ማስገባት) ይሠራል፤ ቮልቴጁን በደንብ ካላስተካከልሽ ግን የሞተ ሴል ስትቆጥሪ ትውያለሽ።

ጀማሪዋ፦
ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ታዲያ በፒኢአይ ለምን ምንም አላገኘሁም?

አሮጌው ፒፔት፦
ሚዲያሽ ውስጥ ሴል እንዳይጓጉል የሚጨመር ነገር አለ? ሄፓሪን ወይም ዴክስትራን ሰልፌት? ሁለቱም እንደ ዲኤንኤው ኔጌቲቭ ቻርጅ አላቸው። ፒኢአይው ከእነሱ ጋር ይጣበቅና ዲኤንኤውን ይለቀዋል። እነሱ የሌሉበት ሚዲያ ውሰጂ። መጀመሪያ በ20 ሚሊሊትር ሴል ላይ የጂኤፍፒን (አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን) ጂን ሞክሪ፤ በማግስቱ ሴሎቹ አረንጓዴ ካበሩ ቀጥይ።

ጀማሪዋ፦
አሁን ጠርሙሱን አየሁት። ሄፓሪን አለበት። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ፕላዝሚዴን ስረግም!