ነጠላው ሲታይ ፊቱ ይጨልምብኛል

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ፎቶግራፍ እየተማርኩ ነው። ወር በገባ በ23 ፒያሳ ጊዮርጊስ ደጃፍ የሚሳለሙ እናቶችን አስፈቅጄ አነሳለሁ። የቸገረኝ ፀሐዩ ነው። ነጠላው ቦግ ብሎ ይነጣል። ጥለቱ ብቻ ይቀርና ሽመናው ድራሹ ይጠፋል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ወደ -1 ሳወርደው ነጠላው ይመለሳል፤ ፊታቸው ግን ይጨልማል። ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ጥላውን ሳበራው ደግሞ ፊታቸው ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። እንዲህ ያማረ ፊት ተበላሽቶ ሲቀር ያንገበግባል!

የማነሳው በጄፔግ፣ ካሜራው ራሱ አሳንሶ በሚያስቀምጠው ፋይል ነው። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባልተቀነባበረ ጥሬ መልኩ በሚያስቀምጠው ፋይል አንሳ የሚሉኝ አሉ፤ ፋይሉ ግን ከባድ ነው፣ ኮምፒውተሬም አሮጌ። እውነት ያን ያህል ለውጥ አለው? ወይስ በማስክ ፊቱን ብቻ ለይቶ ማብራት ይበቃል? አሠራሩን ረጋ ብሎ የሚያስረዳኝ ካለ፣ እባካችሁ።