የሜዳችን መቀመጫ ይስፋ ወይስ አይስፋ? ደብዳቤው ለኮሌጁ ከመግባቱ በፊት ሐሳብ ስጡበት

ጸሐፊ፦
ሰላም የማኅበራችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የተስማማንበት ነገር ወረቀት ላይ ሲወርድ ይህን መሰለ። «የኮሌጃችን ሜዳ አሁን 1,500 መቀመጫ አለው። ወደ 5,000 እንዲያድግ ማኅበሩ ይጠይቃል፤ ከወጪውም የበኩሉን ይሸፍናል።» በቃ ይኸው ነው። የሚቀየር ካለ አሁን ጻፉ። ከገባ በኋላ ኮሪደር ላይ መንሾካሾክ አይሠራም።

የደጋፊዎች ተወካይ፦
እኔ 5,000ም አነሰ ባይ ነኝ። ጅማም አዳማም ፕሪሚየር ሊጉ የተካሄደው ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ ነው። እኛ ምን ጎደለን? ከአዲስ አበባ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ መውረድ ነው። መቀመጫ ካለ ሰው ይመጣል፣ ሰው ከመጣ ቡድኑ ይጠነክራል። እንደ አዲስ አበባ ስታዲየሙ የደጋፊ መቀመጫ፣ እንደ ካታንጋ ያለ የራሳችንን ስጡንና ጉዱን እዩ!

ገንዘብ ያዥ፦
ወንድሜ፣ ካታንጋን ካታንጋ ያደረገው ሲሚንቶው አይደለም። ትኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ። ከጎረቤት ቡድን ጋር ስንጫወት ሰው አጥር ላይ ይንጠለጠላል፣ አልካድኩም። እሱ ግን በዓመት ሁለት ቀን ነው። በሌላው ቀን ግማሹ ደረጃ ባዶውን ፀሐይ ይሞቃል። እኔ ደግሞ የጉርዱን ቁጥር ይዤ ቤቴ እገባለሁ።

አሜሪካ ያለ አባል፦
እዚህ አገር የኮሌጅ ኳስ ጉድ ነው። (ኳሱን በእጅ አቅፈው የሚሮጡበት ነው፣ እሱን ለጊዜው ተዉት።) የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል። መጀመሪያ ሳየው እኔም «ለኛስ?» ብዬ ነበር። ግን ቺካጎ አጠገብ ያለው ኖርዝዌስተርን 47 ሺህ ገደማ ይይዝ የነበረውን አፍርሶ 35 ሺህ የሚይዝ ለመሥራት ተነሣ። ገንዘብ ያለው ሰው ወንበር ሲቀንስ ሳይ ቆም ብዬ አሰብኩ።

የደጋፊዎች ተወካይ፦
እነሱ ጠግበው ነው የቀነሱት። እኛ ገና አልቀመስንም።

ኢንጂነር፦
አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የሜዳችን በር ወዴት ነው የሚከፈተው?

ወደ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት በረዶ የጣለ ቀን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሰው በሙሉ ወደ በሩ ሮጠ። የበሩ ግማሽ ተቆልፏል። ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው፣ ጥበቃው ደግሞ ዝናብ ሸሽቶ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሟል። ክፍቱን ግማሽ እንግፋ ብንል ወደ ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ከኋላ ያለው ሲገፋ የፊተኛው በሩ ላይ ይለጠፋል። አንዲት ልጅ ነጠላ ጫማዋ በሩ ሥር ተቀርቅሮ ባዶ እግሯን ወጣች። ሰኞ ሳልፍ ጫማው እዚያው ነበር። ያን ቀን የነበርነው አንድ ሺህ እንኳ አንሞላም።

ስታዲየም የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት የእንግሊዞች መመሪያ አለ። ደልዳላ መሬት ላይ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 82 ሰው ያልፋል ብሎ ያሰላል። ደረጃ ላይ 66። ተመልካቹ ቢበዛ በ8 ደቂቃ ከመቀመጫው ወጥቶ ማለቅ አለበት። የኛ በር ሙሉው ቢከፈት በዓይኔ ግምት 2 ሜትር ነው። 82ን በ2፣ ከዚያ በ8 አባዙት፦ 1,312። ዛሬ ላለው 1,500 እንኳ አይበቃም። ለ5,000 ሰው ወደ 8 ሜትር የሚጠጋ መውጫ፣ ማለትም የዛሬውን የሚያህል አራት በር ያስፈልገናል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2001 ጋና፣ አክራ ስታዲየም ውስጥ 126 ሰው ያለቀው መቀመጫ ጠቦት አይደለም። ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ ተኮሰ፣ ሰው ሸሸ፣ በሮቹ ተቆልፈው ነበር።

ሌላው አፈሩ ነው። የሱሉልታን ጥቁር አፈር ለናንተ አላስተዋውቅም፤ ክረምት ክረምት ጫማችንን ሲበላ የኖረ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ዝም ብሎ ደረጃ ያፈሰሰ ሰው ሁለተኛው ክረምት ላይ ስንጥቅ ይቆጥራል። ጥቁሩ ተቆፍሮ ወጥቶ ሰሌክት (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) ይሞላል፣ የውሃ መውረጃ ይሠራል። ብሩ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ ማንም በማያጨበጭብለት ቦታ።

የሴቶች ቡድን አስተባባሪ፦
ኢንጂነር እግዜር ይስጥህ። እኔም አንድ ልጨምር። ለ1,500 ሰው ስንት መጸዳጃ አለን? ሁለት። ለሴት የተለየ? የለም። ልጆቼ ጨዋታ ሲኖራቸው ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አይጠጡም። እየሮጡ እኮ ነው! ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው በሜዳው ተብሎ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ሰኔ 2014 ማለት ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሞቻችንን ሲከለክል የመልበሻ ክፍልና የመጸዳጃ ነገርም ከምክንያቶቹ ውስጥ ነበር። ወንበር መደርደር ብቻውን ሜዳ አያሰኝም።

የአትሌቲክስ አሠልጣኝ፦
የመሮጫ መሙን እንዳትነኩብኝ ብቻ። ቀነኒሳ ከኪሱ አውጥቶ መም ባስገነባበት ሱሉልታ፣ ለደረጃ ብላችሁ ሁለት መስመር ብትቆርጡ ነውር ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ኢንጂነር፣ መሙ ሳይነካ በምሥራቅ በኩል ስንት ይገባል?

ኢንጂነር፦
ጋሼ፣ 105 ሜትር ርዝመት ይዘን ለአንድ ሰው 50 ሳንቲም ብንሰጥ በረድፍ 210 ነው። መተላለፊያ ሲቀነስ 190 ገደማ። ስምንት ረድፍ 1,520 ይሆናል። ከአሁኑ ጋር 3,000 አለፍን ማለት ነው። ለዚያ ደግሞ ከነባሩ ሌላ ሁለት አዲስ በር ይበቃል። አንድ ችግር አለ፤ ምሥራቅ የሚቀመጥ ሰው 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ነው የሚያያት። ጣሪያም አያድነውም።

የደጋፊዎች ተወካይ፦
ለፀሐይ አታስቡ፣ ካርቶን ግንባራችን ላይ ደቅነን ማየት ለምደናል። ጥላ ፎቅ የጠየቀ የለም። ግን ከ5,000 ወደ 3,000? ለልጆቹ ምን ብዬ ልንገራቸው?

የሴቶች ቡድን አስተባባሪ፦
እጥፍ ሆነ በላቸው። አልዋሸህም።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ከላይ ያለውን ረቂቅ ቀድጄዋለሁ። በግሌ ስብሰባው ላይ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ስለነበርኩ ትንሽ አፍሬያለሁ። አዲሱ ይኸው፦

«ማኅበሩ የሜዳው መቀመጫ ከ1,500 ወደ 3,000 እንዲያድግ ይጠይቃል። መቀመጫው ከመጨመሩ በፊት ግን ያለው በር ወደ ውጭ የሚከፈት ሆኖ ይቀየር፤ ሁለት አዲስ በሮች ይውጡ፤ ጨዋታ ባለበት ሰዓት ሁሉ ቁልፍ የያዘ ሰው በሩ ላይ ይቁም። የሴቶች መጸዳጃና መልበሻ ክፍል ይሠራ። አፈሩ ተመርምሮ ውጤቱ ሳይታወቅ ለደረጃው ጨረታ አይውጣ። መሙ አይነካ። የማኅበሩ መዋጮ በቅድሚያ ለበሮቹ ይውላል።»

ገንዘብ ያዥ፦
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወድጃታለሁ። በር የብረት ቤት ሥራ ነው፣ ያለን ብር ይደርስበታል። ለደረጃው ግን ሎተሪ ብናዞርም አንችልም፤ ኮሌጁ በጀት ይያዝለት።

የደጋፊዎች ተወካይ፦
«ወደፊት ወደ 5,000 ማደግ እንዲችል ሆኖ ይነደፍ» የምትል ጨምሩልኝና እፈርማለሁ።

ኢንጂነር፦
ትግባ። መሠረቱ ላይ ካሰብንበት ይቻላል።

ጸሐፊ፦
ገብታለች። አሁን የበሩ ስፋት በግምት ሳይሆን በሜትር ተለክቶ ደብዳቤው ላይ ይስፈር። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ሜዳው በር ላይ ማን ይገኛል?

የደጋፊዎች ተወካይ፦
እኔ አለሁ። ሜትሩን ኢንጂነር ያምጣ፤ የኔ ጫፉ ተበጥሷል፣ ከ12 ሳንቲም ነው የሚጀምረው።