«የራሳችን ልጅ ነው» የተባለው የመኪና ገጣጣሚ ስንት ዓመቱ ነው?

ጋራዥ ባሕር ዳር፦
ትናንት ማታ ካምቢዮ እየፈታሁ ሬዲዮ ስሰማ አንድ እንግዳ እንዲህ አለ፦ «አሜሪካ እንኳ ጀነራል ሞተርስን ከሞት አድናለች፤ ዕዳ ውስጥ የገቡትን የአገር ውስጥ መኪና ገጣጣሚዎች መንግሥት ሊታደጋቸው ይገባል፤ የራሳችን ልጆች ናቸው።» ቁልፉን ጥዬ ተነሣሁ። እነዚህ ልጆች የሠሩትን የምንጠግነው እኛ ነን። ባለፈው ሳምንት እዚሁ አገር የተገጣጠመ፣ አራት ክረምት ያልሞላው መኪና ገባልኝ። የማን እንደሆነ አልጽፍም። የፊት መስታወቱ ውሃ ያስገባል ተብሎ ነው የመጣው። የመስታወቱን ጎማ ነቅዬ ሳየው ከሥሩ ያለውን ላሜራ ቀለም የሚባል ነገር አልነካውም። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ሳደርገው ዘልቆ ገባ፤ እንደ እርጥብ ካርቶን። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ያያል። የባንኩን ብድር ገና ከፍሎ አልጨረሰም። ይህን ሰው አሁን ደግሞ በግብርህ ፋብሪካውን አድን ልንለው ነው?

የቡሬ ነጋዴ፦
ወንድሜ፣ የሰውየው ነገር ያሳዝናል። ግን ከአንድ መስታወት ሥር ተነሥቶ ኢንዱስትሪ ይዘጋ ማለት ፍርድ አይደለም። ኮሪያ እኛ ወታደር ልከን የደረስንላት አገር ናት። ሀዩንዳይ እ.ኤ.አ. በ1975 ፖኒ የሚባለውን መኪና ሲያወጣ ማን ቁም ነገር አላት? የጃፓን መኪና ወደ ኮሪያ እንዳይገባ እስከ 1999 በሩን ዘግተው ነው ያሳደጉት። ልጅ ሲወድቅ ይነሣል እንጂ አይጣልም። የራሳችን ልጅ ነው ማለት ምን ነውር አለው?

የማርቆሷ መምህርት፦
ጋሼ፣ ነውሩን ልንገርዎት። ልጅ ከሆነ ዕድሜ አለው፤ ስንት ዓመቱ ነው? ልጅ ጡት የሚጥልበት ጊዜ አለው። ኮሪያን ካነሡ ሙሉውን ያንሡት። ኪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከስር «ልጃችን ነው» ብለው በባለቤቱ እጅ አልተዉትም፤ ሀዩንዳይ ገዛው። ሌላው የኮሪያ መኪና ሠሪ ዴዉም በ2000 ወደቀ፤ የመኪና ሥራው ለጀነራል ሞተርስ ተሸጠ። ያሳደጉት በሩን ስለዘጉ ብቻ አይደለም፤ ውጭ አገር ሽጡ፣ ተወዳደሩ ብለው ስላስገደዷቸው ነው። የእኛዎቹ ድንበር ያሻገሩት መኪና የት አለ?

ጣና ዳር፦
መምህርት፣ የመኪና ባለቤት ነሽ? የጥራት ነገር እኮ የነዳ ሰው ይናገር።

የማርቆሷ መምህርት፦
መኪና የለኝም። ግብር ግን ከደመወዜ ይቆረጣል፤ አድኑ የሚባለው ደግሞ በእሱ ገንዘብ ነው። ስለዚህ እናገራለሁ።

የደጀኑ ሹፌር፦
የነዳው እኔ ልናገር። አሥራ ሁለት ዓመት ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን አባይ በረሃን ወርጃለሁ፣ ወጥቻለሁ። እዚህ አገር የተገጣጠመ አውቶቡስም ሁለት ዓመት ይዣለሁ። ቁልቁለቱን በማርሽ አፍነህ ካልወረድህ ፍሬን አይበቃህም፤ ይህ በየትኛውም መኪና ያለ ነው። በዚያኛው ግን ድልድዩ ጋ ሳልደርስ የፍሬኑ ሸራ ሽታ ውስጥ ድረስ ገብቶ ሰው መስኮት ይከፍት ነበር። አንድ እናት «ልጄ፣ ምን እየተቃጠለ ነው?» አሉኝ። ምንም አይደለም አልኋቸው። እስከ ዛሬ ያ መልሴ ያንገበግበኛል።

የቡሬ ነጋዴ፦
አያ ሹፌር፣ ፈጣሪ አተረፋችሁ። የእኔ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። አሜሪካ የነጻ ገበያ አገር ሆና አድናለች። እኛ ድሆቹ እንዳናድን የሚከለክለን ማነው?

የማርቆሷ መምህርት፦
«አሜሪካ አድናለች» የሚለውን ቃል ቆርጦ መውሰድ ነው ያበሳጨኝ። እንዴት አዳነች? እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የጀነራል ሞተርስ፣ የክራይስለርና የፎርድ አለቆች በየግል አውሮፕላናቸው ዋሽንግተን ሄደው ገንዘብ ሲጠይቁ ምክር ቤቱ ወቅሶ ባዶ እጃቸውን መለሳቸው። ቡሽ በኋላ ለጀነራል ሞተርስና ለክራይስለር 17.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። ኦባማ ሲመጣ መጀመሪያ የጀነራል ሞተርስን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከወንበሩ አስነሣ። ሰኔ 2009 ኩባንያው ፍርድ ቤት ገብቶ ኪሳራውን አወጀ፤ የድሮዎቹ ባለአክሲዮኖች እጅ ምንም አልቀረም፤ ፖንቲያክና ሳተርን የሚባሉት የመኪና ብራንዶቹ ተዘጉ፤ መንግሥት 60 በመቶ ገደማውን ያዘ። የዳነው ፋብሪካውና ሠራተኛው ነው፤ ባለቤቱ አልዳነም። እዚህ «ይዳን» የሚባለው ግን ባለቤቱ ነው።

ጣና ዳር፦
ፎርድስ? ያን ጊዜ የማዳኛ ገንዘብ አልወሰደም፤ ቆሞ ተርፏል። ስለዚህ ጥሩ መኪና የሚሠራ ድሮም አይለምንም ማለት ነው?

የማርቆሷ መምህርት፦
ፎርድ ቀውሱ ከመምጣቱ በፊት ንብረቱን አስይዞ ተበድሮ ስለነበር ነው። በ2009 እሱም ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ልሥራ ብሎ ከኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ 5.9 ቢሊዮን ዶላር ብድር ወስዷል። ማንንም ንጹሕ አላደርግም።

የቡሬ ነጋዴ፦
ዞሮ ዞሮ ጀነራል ሞተርስ ዳነ አይደል? ሠራተኛው እንጀራውን አላጣም። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ጋራዥ ባሕር ዳር፦
የአሜሪካ መንግሥት ድርሻውን ሸጦ ሲጨርስ ከጀነራል ሞተርስ ብቻ ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጎድሎበታል ጋሼ፤ ያ ይቅር። መኪናውስ ዳነ? እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ጀነራል ሞተርስ ምን እንደወጣ ያስታውሱ። ቁልፉ የሚዞርበት ማስነሻ ውስጥ ያለች ዋጋዋ አንድ ዶላር የማይሞላ ዕቃ ላላ ናት። ቁልፉ ላይ ክብደት ሲንጠለጠል ወይም መኪናው ሲንገጫገጭ ቁልፉ በራሱ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሞተር ይጠፋል፤ ኤር ባግም አይፈነዳም። በኩባንያው ውስጥ ያሉ ኢንጂነሮች ለአሥር ዓመት ያህል ያውቁ ነበር። በኋላ ለካሳ የተቋቋመው ፈንድ 124 ሞት ቆጥሯል። መካኒክ ነኝና ይህች ነገር እንቅልፍ ትነሣኛለች። ገንዘብ ድርጅት ያድናል፤ ላላዋን ዕቃ የሚያጠብቃት ግን ሰው ነው።

የደጀኑ ሹፌር፦
ያን ታሪክ ሳነብ ራሴን በበረሃው ቁልቁለት ላይ ነው ያየሁት። ስልሳ ሰው ጭነህ ኩርባው መሐል ሞተር ጠፋ እንበል። መሪው ድንጋይ ይሆናል፤ ፍሬኑ እግርህን ይገፋሃል። በቀኝህ ገደል ነው። ስለ ጥራት ስናወራ ይህን ነው የምናወራው እንጂ የወንበር ጨርቅ አይደለም።

ጣና ዳር፦
እናንተ ሁሉንም ታጣጥላላችሁ። ላዳን አስቡት። የሩሲያ መንግሥት የላዳን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ያለ ወለድ 25 ቢሊዮን ሩብል አበድሮ አትርፎታል። ላዳ ደግሞ የኢትዮጵያን ታክሲ ስንት ዓመት ተሸከመ! መንግሥት የደገፈው መኪና ሁሉ ቆሻሻ ነው ማለት ውሸት ነው።

ጋራዥ ባሕር ዳር፦
ላዳን በክፉ አላነሣም፤ የተማርኩት በእሱ ነው። ግን ለምን እንደቆየ ጠይቅ እንጂ ወንድሜ። ያ መኪና ንድፉ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶቹ ወስደው በራሳቸው መንገድ ፈተኑት፤ አልችል ሲላቸው ላሜራውን አወፈሩት፤ የኋላውን ፍሬን ዲስክ አንሥተው በታምቡር ቀየሩት። ለራሳቸው ጭቃና በረዶ አስተካከሉት። እኔ ሥሩ ተኝቼ የማየው መኪና ግን ቻይና ውስጥ ለአስፋልት የተሠራ ነው። ለእኛ ኮረኮንች ምኑ ተቀየረ? ባልስትራው ላይ አንድ ቅጠል ጨምረዋል? አልጨመሩም። የተለጠፈው ስም ብቻ ነው የእኛ።

የማርቆሷ መምህርት፦
ስም ካልህ እዚሁ አገር መኪና ይገጣጥም የነበረውን ሆላንድ ካርን አስታወስከኝ። በወንዞቻችን ስም ይጠራቸው ነበር፤ አንዷ አባይ ነበረች። ጎጃሜው ሁሉ ስሟን ሲሰማ ደስ አለው። ውስጧ ግን የቻይናው ሊፋን ነበር። በኋላ ሊፋን ራሱ ዱከም ላይ መገጣጠም ያዘ፤ ሆላንድ ካርም በ2005 ዓ.ም. ገደማ ከሰረ። የአባይ ስም ሲወድቅ ማንም «ልጃችን ነው» አላለም። ታዲያ ልጅነቱ ለማን ነው የሚሠራው?

የቡሬ ነጋዴ፦
እሱንስ ባለመርዳታችን ነው የምቆጨው! የእኔን ክርክር ነው ያጠናከርሽልኝ መምህርት።

የማርቆሷ መምህርት፦
የተረዳውን ደግሞ እንይ ጋሼ። ሜቴክ መንግሥት የወለደው ነበር። ቢሾፍቱ ላይ አውቶቡስ ይገጣጥማል፤ ስኳር ፋብሪካ እሠራለሁ ይላል፤ ማዳበሪያ ፋብሪካ እሠራለሁ ይላል። ጃዊ ሄደው ጣና በለስን ይጠይቁ። ሸንኮራው ደርሶ ፋብሪካው በጊዜው አልደረሰም። የያዩ ማዳበሪያ ደርሶ ቢሆን የቡሬና የወንበርማ ገበሬ ዛሬ በዩሪያ ዋጋ ይሰቃይ ነበር? ሜቴክ በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከሕዳሴው ግድብ ተርባይን ሥራ ተነሣ። ያ ልጅ ያልተሰጠው ምን ነበር?

ጣና ዳር፦
አሁን ደግሞ ፖለቲካ ገባ። ሜቴክ የጄኔራሎች ድርጅት ነበር፤ ከግል ገጣጣሚ ጋር ምን አገናኘው?

የደጀኑ ሹፌር፦
ሒሳብ የማይጠየቅ ገንዘብ አገናኘው።

ፍኖተ ሰላም፦
እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ። ወንድሜ አንዱ መገጣጠሚያ ውስጥ አምስት ዓመት በያጅ ነበር። ሲገባ የሚያውቀው እርሻ ብቻ ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የራሱ ብየዳ ቤት አለው፤ ሦስት ልጆች ቀጥሯል፤ ከጋሪ እስከ ቦቴ ሻንሲ ይበይዳል። ይህን ሙያ የት ይማረው ነበር? መኪናው ቢዝግም ልጁ ሠልጥኗል። እናንተ የምትቆጥሩት ላሜራውን ብቻ ነው። እኔ ወንድሜን ነው የምቆጥረው።

ጋራዥ ባሕር ዳር፦
እቴ፣ ይህ እውነት ነው፤ ልቤን ነክቶኛል። እኔ ጋ ያሉት ሁለቱ ልጆችም ከዚያው የመጡ ናቸው፤ እጃቸው ጥሩ ነው። ቀለም ሳይቀባ መስታወት የገጠመው እነሱ አይደሉም፤ «በቀን ይህን ያህል አውጡ» ያላቸው ነው።

የደጀኑ ሹፌር፦
ሙያ ከተባለ ቅጥቅጡን አንሡልኝ። የኢሱዙ ሻንሲ ላይ አካል ቀጥቅጠው፣ ወንበር ተክለው፣ ገጠሩን ያመላለሱት ባለ ጋራዦች ናቸው። ማን አዳናቸው? ሲበላሽባቸው ደንበኛው በማግሥቱ በራቸው ላይ ይቆማል። ስለዚህ ያስተካክላሉ።

የቡሬ ነጋዴ፦
የቅጥቅጡ ሻንሲ የጃፓን ነው እንጂ የእኛ ነው እንዴ? ሞተር የማንሠራ ከሆነ ሁልጊዜ የሰው ሻንሲ ላይ ስንቀጠቅጥ ልንኖር ነው። ለዚያ ነው ድጋፍ የምለው።

የማርቆሷ መምህርት፦
ድጋፍ እኮ አለ ጋሼ! ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ሲገባ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ሲገባ 5 በመቶ፣ ሙሉውን ሲገባ 15 በመቶ ተብሎ ተወስኗል። ያ ልዩነት ለገጣጣሚው የተሰጠ ገንዘብ ነው። ያንን አግኝቶ ካልቆመ፣ ተጨማሪ ሲሰጠው ቢያንስ እንደ አሜሪካ ባለቤቱ ድርሻውን ይልቀቅ፣ መኪናውም ከመሸጡ በፊት አባይ በረሃን ወርዶ ይታይ።

የቡሬ ነጋዴ፦
ድርሻውን ልቀቅ ካልሽው ነገ ማን ገንዘቡን ያወጣል? ባለሀብቱን አስፈራርተሽ አባረርሽው።

የማርቆሷ መምህርት፦
ትርፉ የእሱ፣ ኪሳራው የእኔ የሚሆንበት ባለሀብት ቢሄድ አልከፋም።

ጣና ዳር፦
በይ እንግዲህ ዕድሜ ልክሽን በጋሪ ሂጂ።

ፍኖተ ሰላም፦
ጣና ዳር፣ ለታላቅህ እንዲህ አይባልም። በሥርዓት ተከራከር።

ጋራዥ ባሕር ዳር፦
የዚያ መኪና ባለቤት ዛሬ ጠዋት መጥቶ ነበር። ለገጣጣሚው ሦስት ቀን ደውሎ የሚያነሣለት አላገኘም። የበሰበሰውን ቆርጬ በአዲስ ላሜራ በየድኩለት፤ ጸረ ዝገቱን ሁለት ጊዜ ቀባሁት፤ መስታወቱን መልሼ ገጠምኩት። ጋሼ የቡሬው፣ እርስዎ እዚህ ቢሆኑ ለዚህ ሰው ምን ይሉት ነበር?

የቡሬ ነጋዴ፦
ስንት አስከፈልከው?

ጋራዥ ባሕር ዳር፦
የላሜራውንና የቀለሙን ብቻ። የእጄን አልጠየቅሁትም።