አርዲፒቴከስ «ከግሪክ የተወሰደ ስም» ነው?

የአዋሽ ልጅ፦ ትናንት ማታ አንድ የሬዲዮ አቅራቢ በአፋር ስለተገኘችው የጥንት የሰው ዘር ቅሪተ አካል ሲያወራ «አርዲፒቴከስ ራሚደስ ከግሪክ የተወሰደ ስም ነው» ብሎ አለፈ። ደሜ ፈላ! አርዲ በአፋርኛ መሬት፣ ወለል ነው። ራሚድ ሥር ነው። ግሪኩ ፒቴከስ ብቻ ነው። አፋር ውስጥ አራሚስ ላይ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የተኛችውን ልጃችንን ስሟን ለሰው እንስጥ?

ቀለሙ፦ ተረጋጋ ወንድሜ። የሳይንስ ስም ግሪክና ላቲን ነው፤ ሕጉ ነው።

ሰመራ፦ የቱ ሕግ? የእንስሳት ስያሜ ደንብ በላቲን ፊደል ይጻፍ ይላል እንጂ ቃሉ ከየትኛውም ቋንቋ ይመጣል። በአፋር የተገኙትን የሌሎች ቅሪተ አካላት ስም እይ፦ ጋርሂ አፋርኛ ነው፣ ካዳባ አፋርኛ ነው፣ ዴይረመዳም አፋርኛ ነው። እኔ አፋር ነኝ። ተሰርዞ ያለፈው የእናቴ ቋንቋ ነው።

ቀለሙ፦ ማንም አልሰረዘም። ግን ስሙን የተሸከመው ፒቴከስ ነው፤ እሱን ብታወጣው ምን ይቀራል?

የአዋሽ ልጅ፦ «የተሸከመው»?! ፒቴከስማ የብዙ ቅሪተ አካላት ስም ላይ አለ። ሳይንቲስቱ ዳርት በ1925 የደቡብ አፍሪካውን የታውንግ ሕፃን ቅሪተ አካል አውስትራሎፒቴከስ ሲለው ላቲንና ግሪክ ቀላቀልክ ተብሎ ተወቅሷል። አርዲን ከሌላው የሚለያት አርዲ የሚለው ነው።

እናት ዓለም፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የፒቴከስ መነሻ ግሪክኛው ፒቴኮስ ጦጣ ማለት አይደል? ልጆቼ ከትምህርት ቤት መጥተው «አያታችን ጦጣ ናት» ይሉኛል።

ቀለሙ፦ ጦጣ ሳይሆን ዝንጀሮ።

ሰመራ፦ ዝንጀሮም አይደለም። እንዲህ ባሉ ስሞች ውስጥ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረጎመው እነ ቺምፓንዚን፣ እነ ጎሪላን በሚያመለክት ቃል ነው። ጭራ የላቸውም።

ቀለሙ፦ የጥንት ግሪኮች ጭራ እየቆጠሩ አልሰየሙም። ጭራ ያለውንም ፒቴኮስ ይሉት ነበር።

የአዋሽ ልጅ፦ ወደ ጭራ አትውሰዱብኝ! ተመራማሪዎቹ ዋይት፣ ሱዋና ብርሃኔ አስፋው በ1994 መጀመሪያ ያወጡት ስም አውስትራሎፒቴከስ ራሚደስ ነበር። በዓመቱ አውስትራሎን አንስተው አርዲን ተኩ። አፋርኛውን ከፊት ያስቀመጡት ሰያሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። «የተሸከመው» ማነው ታዲያ?

ቀለሙ፦ ፒቴከስን ግን አላነሱትም። አቅራቢው ግማሹን እውነት ተናግሯል።

ሰመራ፦ ግማሹን ከተናገረ ቀሪውን በዚያው ሰዓት ይናገር። ለጣቢያው ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፤ የምትፈርሙ እዚህ አሳውቁ።

የአዋሽ ልጅ፦ አለሁ።

እናት ዓለም፦ የጦጣው ነገር ከገባበት እኔም እፈርማለሁ።

ሰመራ፦ እሱ አይገባም፣ እህቴ።

እናት ዓለም፦ ለምን አይገባም?