ከክረምቱ በፊት፦ የቅሬዎቻችን የናዳ መከላከያ ዕቅድ፣ ደሴ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለከተማው አስተዳደር የምናስገባውን የጋራ ዕቅድ ከሰኔ በፊት መጨረስ አለብን። እስካሁን የተስማማነው፣ በጦሳ ተራራ ግርጌና በገደል አፋፍ ባሉ መንደሮች ቅሬዎች (እድሮች) ዝናብ እንዲለኩ፣ የመሬት ስንጥቅ እንዲከታተሉና ናዳ ሲያሰጋ ሰው ከቤቱ እንዲያስወጡ ነው። ለቀብር በመድረስ ቅሬን የሚያህል የለም፤ የአባላት ዝርዝሩም፣ ጥሩምባውም፣ ቤት ለቤት የሚዞረው ሰውም አለ። ይህን ሁሉ ለሕያዋን እናውለው ነው ሐሳቡ። የጎደለውን ጨምሩ።

የወጣቶች ተወካይ፦ በየተዳፋቱ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ የዝናቡን መጠን በስልክ መልእክት የሚልክ መለኪያ ይተከል እላለሁ። ከጦሳ እስከ ቦርከና ወንዝ ያለው እያንዳንዱ ተዳፋት የራሱ መዝገብ ኖሮት፣ ተማሪው ስልኩን ከፍቶ የሰፈሩን ሁኔታ የሚያነብባት ደሴ ትታየኛለች። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ያንን መዝገብ ቢጠይቅ ስንት ጥፋት ይቀራል!

መምህሩ፦ በምኞቱ እስማማለሁ፤ መጀመሪያው ግን በእጅ ይሁን። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ካስማዎች ይተከሉ፤ በየማለዳው በመካከላቸው ያለው ርቀት በመለኪያ ሜትር ይለካ፤ ቀኑና ቁጥሩ በደብተር ይጻፍ። ርቀቱ ከዕለት ወደ ዕለት እየሰፋ ከሄደ መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ዝናቡ ቢያባራም መዘናጋት አይገባም፤ ውሃው ወደ ውስጥ ሰርጎ አፈሩን የሚያላላው ቀስ ብሎ ነውና። የዘመመ የመብራት ምሰሶ፣ አልገጥም ያለ በር፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ ሁሉ ይመዝገቡ። አንድ ክረምት እንዲህ ከሠራን መሣሪያው የት እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። ካስማዎቹ የሚተከሉበትን ቦታ እንዲመርጡልን የወሎ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችን በደብዳቤ እንጠይቅ።

የሴቶች ቅሬ ሰብሳቢ፦ ረቂቁ የጣሪያ ውሃን ረስቷል። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,000 ሊትር ውሃ ነው። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ ከታች ባለው ጎረቤት ግድግዳ ሥር ያፈስሰዋል፤ አሸንዳ ያለውም ቱቦውን ወደ ገደሉ አዙሮ ዝም ይላል። አደጋውን ራሳችን እያሳደግን ማስጠንቀቂያ ብንነፋ ምን ዋጋ አለው? ቅሬው ለአሸንዳና ለሮቶ ብድር ይስጥ፤ የሚተርፈው ውሃ በድንጋይ በተነጠፈ ቦይ ይውረድ። ሮቶውም ስንጥቅ ካለበት መሬት ይራቅ፤ 1,000 ሊትር ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ነው። በቦዩ ዳር ቬቲቨር ሣር እንትከል። ሥሩ ጠልቆ አፈር ይይዛል፤ ለትልቅ ናዳ ግን አይበቃምና እርሱን ተክለን እንዳንተኛ።

አንጋፋው አባል፦ ልጆቼ፣ ስለ ጥሩምባው አንድ ነገር ልበል። የቅሬ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ነው የሚወጣው። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለልቅሶ ይዘጋጃል እንጂ ለመሸሽ አይዘጋጅም። ለናዳ ሌላ ድምፅ ያስፈልጋል። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በአንድ ላይ ቢሰሙ ማንም አይሳሳትም፤ ሼሆቹንና ቄሶቹን እኔ አነጋግራለሁ።

ሌላው የጎፋው ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎችን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። የእኛም ሰው ወጉ ያው ነው፤ ጩኸት ሲሰማ አካፋ ይዞ ይሮጣል። ከላይ ያለውን ተዳፋት የሚጠብቅ ሰው ሳይቆም ማንም መቆፈር እንዳይጀምር በደንባችን ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም።

የወጣቶች ተወካይ፦ ጋሼ ያነሡት ከእኔ መሣሪያ ይቀድማል። በየማለዳው ለመለካት ወጣቶች ተራ እንገባለን፤ ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር የምናስገባውም እኛ ነን። መሣሪያው በሁለተኛው ዓመት ይሁን። ግን ሌሊት የሚወጡ ሰዎች የት ይጠለላሉ?

የሴቶች ቅሬ ሰብሳቢ፦ ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ ምንጣፉም በቅሬው እጅ ነው። ቦታው ሜዳ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ይሁን። አራሶችንና አቅመ ደካሞችን ማን እንደሚያወጣ ከአሁኑ በስም እንመድብ፤ ዝርዝሩን እኛ እናዘጋጃለን።

ጸሐፊ፦ ሁሉም ገብቷል። የቁፋሮው ደንብ አንደኛ አንቀጽ ሆኗል፤ የአሸንዳው ብድር ደግሞ ከካስማው ልኬት ጋር በመጀመሪያው ዓመት ሥራ ውስጥ ተካቷል። የብድሩ መጠን ስላልተወሰነ ገንዘብ ያዦች እሑድ ከስብሰባው በፊት ተገናኙ። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ።